ማን ጋተው? የአንድ የመጠጥ ቃል ታሪክ ከቦረና ደጋ

«ትናንት ሲጋት አድሮ ዛሬ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ካለ እጁን ያውጣ! ማንም አያወጣም። ሁላችንም ሰምተናታል፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ አጎት፣ ስለ ሥራ ባልደረባ ብለናታል፤ አንዳንዶቻችንም ተብሎብናል። ዛሬ የምናወራው ስለዚችው ቃል ነው፤ «ተጋተ» ስለምትባለው። ቃሏ ከየት መጣች? መጀመሪያ የማን ነበረች? ወደ መሸታ ቤትስ ማን ወሰዳት? ነገሩ ሲያዩት የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን ስለ አጠጣጣችን ብዙ የሚያጋልጥ ታሪክ አለው።

እንግዲህ ከመሰላሉ እንጀምር። አማርኛ ለመጠጣት መሰላል የሚያክል የቃል ድርድር አለው። ከታች የቆመው «ቀመሰ» ነው። «ትንሽ ቀማምሶ ነው የመጣው» የሚባለው ሰው ከመቅመስ ያለፈ ሥራ እንደሠራ ሁሉም ያውቃል፤ ለክብሩ ሲባል ግን እንዲያ ይባልለታል። ቀጥሎ «ፉት አለ» አለ፤ ቀስ ብሎ በከንፈር ጫፍ። «ተጎነጨ» ደግሞ አፍ ሙሉ ነው። «ጠጣ» ወገን የለውም፤ ውኃም ይጠጣል፣ መድኃኒትም ይጠጣል። «ጨለጠ» ሲሆን ነገሩ ይከራል፤ ዋንጫውን አንሥቶ እስከ አተላው ማድረስ ነው። ያም ሆኖ በ«ጨለጠ» ውስጥ ትንሽ አድናቆት አይጠፋም፤ «አንዴ ጭልጥ አደረገው!» የሚል ሰው ፊቱ ላይ ፈገግታ አለ። መሰላሉ ጫፍ ላይ «ተጋተ» ቁጭ ብሏል። «ተጋተ» ብሎ ያሞገሰ ሰው እስካሁን አልገጠመንም።

«ሰከረ»ስ? ለሚለን መልሳችን፣ እሱ የውጤቱ ስም ነው የሚል ነው። «ሰከረ» ጥንታዊ ቃል ነው፤ ከግዕዙ «ሰክረ» ጋር አንድ ነው፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛም የሥጋ ዘመዶች አሉት። የሰውየውን ሁኔታ ይነግረናል። «ተጋተ» ግን የሚነግረን ወደዚያ ሁኔታ እንዴት እንደደረሰ፣ መጠጡ በምን ዓይነት መንገድ ወደ ውስጥ እንደገባ ነው። ለታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ከ«ምን ሆነ» ይልቅ «እንዴት ሆነ» ይበልጥ ይጣፍጣል።

የእናት መዳፍ

«ተጋተ» እናት ቃል አላት፤ «ጋተ» ትባላለች። ሰው ይግታል ማለት ፈሳሽ ነገር በሌላው አፍ ውስጥ ያፈስሳል ማለት ነው። በዋናነት ደግሞ የእናት ሥራ ነበር። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ መዳፏን እንደ ማንኪያ አጉብጣ አፉ ላይ አድርጋ፣ በሌላው እጇ ውኃውን ወይም የአብሽ ውኃውን ወይም የቀለጠ ለጋ ቅቤ እየጨመረች ወደ ጉሮሮው ታወርደዋለች። ሕፃኑ ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል፤ ቢወድም ባይወድም ይውጣል። የታመመም ሰው መድኃኒት ይጋታል። እንደዚሁ የታመመ በሬም ተይዞ ይጋታል።

ልብ በሉ! «ጋተ» ሁልጊዜ ሁለት ወገን ይፈልጋል። የሚግት አለ፣ የሚጋት አለ። የሚጋተው ወይ አቅም የለውም፣ ወይ አልፈለገም፣ ወይ ገና የሚፈልገውን አያውቅም።

«ተጋተ» ስንል ታዲያ ሰዋስውችን ጉድ ይሠራል። በአንድ በኩል «ሌላ ሰው ጋተው» ማለት ነው፤ በሌላ በኩል «ራሱን ጋተ» ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው ምንም የለም። እንዲያውም «መጋት» ብለን ስንጽፍ የእናቲቱና የሰካራሙ ሥራ በፊደል አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለየው ሲነገር በምትጠብቀው «ጋ» ብቻ ነው። (በዚህ ላይ «ተግቶ» የሚለውን ጨምሩበት። «ተግቶ ሠራ» ትጋት ነው፣ «ተግቶ ገባ» ሌላ ነገር ነው። ሚስት «ባሌ ተግቶ ነው የሚመጣው» ብትል በየትኛው ልንረዳት ነው?)

ከዚህ ተነሥተን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ሰውየው ከተጋተ፣ ማን ጋተው?

ለምን ቦረና?

ይህን ጥያቄ ወደ መካነ ሰላም ይዘን የምንሄደው በምክንያት ነው። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ አልፎ መካነ ሰላም የሚያደርሰው መንገድ በገብስና በብርድ አገር ውስጥ ያልፋል። ለጋምቦ፣ ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፤ በስተምዕራብ የዓባይ ገደል፣ በስተሰሜን በሽሎ። በመካከለኛው ዘመን ይህ ምድር በቤተ አማራ ውስጥ የሚጠቃለል ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም (እ.ኤ.አ. 1468–1478) ያቋቋሟት አትሮንሰ ማርያምም ሆነች ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት መካነ ሥላሴ በቤተ አማራ የነበሩና ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ጦርነት የተቃጠሉ ታላላቅ አድባራት ናቸው። ስለ አማርኛ ቃል ለሚጽፍ ሰው እንግዲህ ይህ የቋንቋው የጥንት ሰፈር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ከዚያ ጦርነትና ከኦሮሞ መስፋፋት በኋላ ይኸው ምድር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ አልጋ የሚኖርበት ሆነ። ጠላ የሚጠምቅና ጠላ የማይቀምስ አጎራባች ሆኑ። የሚጠጣውን ሰው ዕለት ዕለት የሚያይ የማይጠጣ ጎረቤት ባለበት አገር የመጠጥ ቃል ዝም ብሎ አይነገርም፤ ይመዘናል።

የአሳላፊው መዳፍ

በጥንቱ ሥርዓት መጠጥ ሰው ለራሱ የሚያደርገው ነገር አልነበረም፤ የሚሰጠው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከንጉሡ ዘንድ በጋን በጋን ጠጅ ይላክላቸው እንደነበር ጽፏል። ጠጅ በዘመኑ የመኳንንት ነበር፤ ጠላ የሕዝብ። ንጉሥ ግብር ሲያበላ፣ ባላባት ሲደግስ፣ ማን ከየትኛው ጋን፣ በየትኛው ዕቃ፣ ስንተኛ ሆኖ እንደሚጠጣ የሥልጣን ጉዳይ ነበር። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተራ በተራ እየገባ ሲስተናገድ ይህ ሥርዓት የመጨረሻው ጣሪያ ላይ ደረሰ።

በመካከል አሳላፊው አለ። አሳላፊ መጠጡን ለጌታው ከመስጠቱ በፊት ከዕቃው ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ እንደሌለበት ምስክር እንዲሆን። መዳፍ እዚህም ገባች! እናት በመዳፏ ለልጇ ትግታለች፣ አሳላፊ በመዳፉ ለጌታው ይመሰክራል። በሁለቱም ዘንድ መጠጡ ወደ አንዱ አፍ የሚደርሰው በሌላው እጅ በኩል ነው፤ እጁም ኃላፊነት አለበት።

ይህ ልማድ በገበሬው ቤትም በአቅሙ ይኖራል። የጽዋ ማኅበርን ተመልከቱ፤ ማኅበሩ ራሱ በዕቃው ነው የተጠራው። በወሩ የቅዱሱ ቀን ተረኛው ይደግሳል፤ ጌሾና ብቅል የሚዘጋጀው፣ እንኩሮው የሚንኮረው ለዚያች ቀን ነው። ተዝካር፣ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ደቦ እያንዳንዱ የራሱ ጥንስስ አለው። ጠላው ከቀናት በኋላ ይኮመጥጣልና ማከማቸት አይቻልም። ስለዚህ ሰው ይጠጣል፣ ይጠግባል፣ ሞቅ ይለዋል፣ አልፎ አልፎም ይሰክራል። ነገር ግን ደጋሹ ያውቀዋል፣ ሚስቱ ታውቀዋለች፣ ሽማግሌው ከጎኑ ተቀምጧል።

ሁሉም ማር ነበር ብለን ግን አንዋሽም። ደጋሹ «በሞቴ!» ይላል። «አፈር ስሆን!» ይላል። «ንቀኸኝ ነው?» ይላል። እንግዳው ዋንጫውን በእጁ ቢከድን እጁን አንሥተው ይሞሉለታል። ጉርሻ በምግብ እንደሆነው ሁሉ ይህም በመጠጥ ፍቅር ነው፤ አሻፈረኝ ማለት ነውር ነው። ታዲያ በጥሬ ትርጉሙ መጋት ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? አዋቂውን ሰው እንደ ሕፃን፣ ቢወድም ባይወድም! «ተጋተ» የምትለዋ ቃል ከእናት ጭን ተነሥታ ወደ ድግስ ቤት የገባችው በዚህ በር ይመስለናል።

ሁለት ጋን

የወሎ ሰው መገደድ ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ በዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተወሰነ፤ ሹማምንቱ ወዲያው፣ ሕዝቡ በሦስት ዓመት ውስጥ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ኢማም አመዴ ሊበን ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼኽ ጦልሃን የመሳሰሉ መሪዎች አምፀው ተዋጉ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ቀን የታዘዘውን፣ ሌሊት ሌሊት የራሱን እየኖረ አሳለፈው። ሃይማኖትን እንደ መድኃኒት መጋት እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ መከራ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ያበጀው ዘዴ ከአዋጁ የበለጠ ብልህ ነው። በቦረናና በአካባቢው ድግስ ሲደገስ ሁለት ይደገሳል። የእስላም ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያን ሥጋ ለብቻ። ለክርስቲያኑ ጠላ፣ ለሙስሊሙ ቀሪቦ ወይም ብርዝ። ክርስቲያን ደጋሽ ለሙስሊም እንግዳው የማያሰክረውን መጠጥ በሌላ ንጹሕ ዕቃ ያዘጋጃል፤ እንግዳውም በሙሉ እምነት ይጠጣል። እዚህ ላይ «በሞቴ» የለም። «ይህን አልጠጣም» ማለት ንቀት አይደለም፤ ተጠብቆ የሚገባ ክብር ነው።

ይህን ያህል ካወቅን ጥያቄ አለን። ለሙስሊሙ እንግዳ «አልጠጣም» ማለት ከተፈቀደ፣ ለክርስቲያኑስ «ይብቃኝ» ማለት ለምን ይከለከላል? ሁለቱ ጋኖች ጎን ለጎን በቆሙበት ቤት ይህን ማሰብ ብዙ አያስቸግርም ነበር።

እግረ መንገዳችንን፣ የወሎ ሙስሊም ስብሰባም የራሱ ግስ አለው። በወዳጃው ዱዓ ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቃማል። «ቃመ» ጥሬ ወይም ዱቄት በራስ መዳፍ አድርጎ ወደ ራስ አፍ መጣል ነው። መዳፍ አሁንም! ልዩነቱ የ«ቃመ» መዳፍ የባለቤቱ መሆኑ ነው። የቃመ ሰው «በሞቴ ብለውኝ ነው» ብሎ ማመካኘት አይችልም፤ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል።

ላብ

ሥርዓቱን ያፈረሰው አረቄ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ስሙ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ድፍድፉ ተጥዶ ሲፈላ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላልና ስሙ ልክ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አረቄ በዚህ ደጋ ይታወቅ ነበር። መቅደላ ላይ ታስረው የነበሩ አውሮፓውያን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዘመናቸው አረቄ ያበዙ እንደነበር ጽፈዋል፤ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. እስረኞቹ «እንጀራና ውኃ!» ብለው ሲጮኹ ብዙዎቹን ያስገደሉት ጠጥተው ሳለ ነው ይላሉ። ጸሐፊዎቹ የንጉሡ እስረኞች እንጂ ወዳጆች አልነበሩምና ቃላቸውን በሚዛን እንውሰደው። ከአራት ቀን በኋላ ንጉሡ ራሳቸውን ሠውተዋል፤ ስማቸውም የሚመዘነው በአንድ ብርጭቆ አይደለም።

አረቄ ከጠላ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ ጉልበቱ። ጠላ ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ አልኮል ብቻ ሲኖረው፣ ሁለቴ የወጣው ዳግም አረቄ ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛ አይበላሽም። ጠላ ቀን ቆጥሮ ይኮመጥጣል፤ አረቄ በጀሪካን ተሞልቶ በአህያም በመኪናም ይጓዛል፣ ወር ይቀመጣል። ሦስተኛ ከድግስ ተለይቶ ይሸጣል። ቅዱስ አይጠብቅም፣ ሠርግ አይጠብቅም፤ «ለብርድ» ተብሎ በጠዋት ይወሰዳል። የሚጠጣበትን ትንሽ ብርጭቆ ደግሞ ሕዝባችን «መለኪያ» ብሎታል። ይህ ስም ያስቀናል። የሚለካው ግን ዋጋውን ነው፤ ሰውየውን የሚለካ የለም።

አረቄ አውጪዋን ሴት እንዳንኮንናት ግን እንጠንቀቅ። ብዙውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ መሬት የሌላት ሴት ናት። ገብሱን ገዝታ፣ እንጨቱን ተሸክማ፣ ጭሱን ዓይኗ ውስጥ እያስገባች ልጅ ታስተምራለች። እንደ ደንቆሮ ያሉ ደኖች ባሉበት አገር አረቄ የሚበላው የማገዶ ብዛት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እሷ ግን የተሻለ ንግድ አግኝታ እምቢ ያለች አይደለችም። የጠጪውን ገንዘብ ወስዳ የእሱን ልጆች ታስርባለች፣ በዚያው ገንዘብ የራሷን ታበላለች። ከዚህ የከረረ ሒሳብ በየትኛውም መንደር አይገኝም።

መሸታ ቤት ገብቶ ሒሳቡን የሚከፍል ሰው አሳላፊ የለውም፤ አስቀድሞ የሚቀምስለት፣ «አንተ ልጅ በቃህ» የሚለው የለም። የሚያዝዘው ራሱ፣ የሚቀዳው ራሱ፣ የሚጋተውም ራሱ ነው። «ተጋተ» ሙሉ በሙሉ የሰካራም ቃል የሆነችው የሚግተው እጅ ከዓይን ሲሰወር ነው ብለን እናምናለን።

የተሰወረው እጅ

እጁ ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአዲስ አበባ በ1915 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ፤ በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ኮምቦልቻ የራሷን ቢራ ፋብሪካ አገኘች፤ ቢራውም ወደ ምዕራቡ ደጋ በጭነት መኪና መውጣት ያዘ። በ2000ዎቹ ዓመታት የቢራ ኩባንያዎች ሲበዙ ማስታወቂያው ቤታችን ገባ። በዓል ሲመጣ ቢራ፣ ኳስ ሲመጣ ቢራ፣ ሙዚቃ ሲሰማ ቢራ፤ አገር መውደድ እንኳ አረፋ ነበረው! ሕፃናት ከፊደል በፊት የቢራ ዜማ የሚያዜሙበት ጊዜ ነበር። «በሞቴ» የሚለውን የደጋሹን አፍ አንድ ትልቅ ድርጅት ተረከበው ማለት ነው፤ ደጋሹ ግን ቢያንስ ማግስቱን መጥቶ «እንዴት አደርክ?» ይል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። መልካም ነው። መለኪያ በሚቀዳበት ጓዳ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያላት መካነ ሰላም ከወላጅ ርቆ የመጣ ወጣት የሚኖርባት ከተማ ሆናለች፤ ለወጣቱ «በቃህ» የሚለው ሽማግሌ ደግሞ በትውልድ መንደሩ ቀርቷል።

በመጨረሻ አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። የቃሏ የመጀመሪያ ትርጉም እየሞተ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት እየዞሩ «እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አትስጡ፤ ቅቤም አብሽም ውኃም አትጋቱ» ሲሉ ኖረዋል። ልክ ናቸው፤ ለአራስ ሕፃን አደጋ አለውና። እናቶቹ ሲሰሙ ቃሏ ከጭናቸው ትወርዳለች። የቀሩላት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ አንዱ መሸታ ቤት፣ ሌላው ጋዜጣ። በጋዜጣ «ሕዝቡ ፕሮፓጋንዳ ተጋተ» ይባላል። የሚደንቀው እዚያ ስትነገር ሁላችንም «ማን ጋተው?» ብለን መጠየቃችን ነው። ፓርቲውን እንጠራለን፣ ሚኒስቴሩን እንጠራለን። «እገሌ አረቄ ተጋተ» ሲባል ግን ጥያቄው ይጠፋል፤ እንስቃለን፣ እናልፋለን።

ሰውየው ኃላፊነት የለበትም እያልን አይደለም። አዋቂ ነው፣ እጅ አለው፣ ብርጭቆውን የማስቀመጥ አቅም አለው። ግን ቃላችን ራሷ ሁለት ሰው እየጠራች እኛ አንዱን ብቻ መክሰሳችን ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ድግስ እንግዳው ዋንጫውን በእጁ ሲከድን እጁን አታንሡበት። «ይብቃኝ» ያለ ሰው፣ በቦረና ቀሪቦ እንደሚቀዳለት እንግዳ፣ ቃሉ ይከበርለት። ጎረቤት ሲጋት አድሮ በጠዋት ራሱን ይዞ ብታገኙትም ከመሳቅ በፊት እሷን አጭር ጥያቄ ጠይቁ። ምናልባት መልሱ ውስጥ የራሳችንም እጅ ይገኝ ይሆናል።